በማጣሪያው ደጃፍ መለካት፦ ፍሎራይድ፣ ብርሃንና ጠባብ ቦዮች



ዛሬ የምናገረው በውሃ ውስጥ የሚገኙ አዮኖችን በብርሃን ስለሚለካ፣ በእጅ ስለሚያዝ መሣሪያ ነው። ነገሩን የምጀምረው ግን ከውሃው ነው።

በስምጥ ሸለቋችን ብዙ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ዓለቶች መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሟሟበታል። ውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት በመሆኑ ፍሎራይዱን አጣምሮ የሚያስቀረው ነገር ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መጠን የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው፤ ሽታውም ጣዕሙም አያስጠረጥርም። አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንዳሉት፣ ጉዳቱ የሚታወቀው የልጁ ቋሚ ጥርስ ቡናማ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ውሃ መቀየር ለዚያ ጥርስ አይደርስለትም። ከፍተኛ መጠን ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትንና መገጣጠሚያን ይጎዳል።

የአጥንት ከሰልም ሆነ አክቲቬትድ አሉሚና የተባለው ማጣሪያ ፍሎራይድን ይይዛሉ። የመያዝ አቅማቸው ግን ውሱን ነው። አቅማቸው ባለቀ ማግስት ውሃው እንደ ትናንቱ ጠርቶ ይወርዳል። በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ከተማ ላቦራቶሪ የሚላክ ናሙና ይህን ቀን ሊይዘው አይችልም። ልኬቱ ማጣሪያው ባለበት ስፍራ፣ በየጊዜው መደጋገም ይኖርበታል።

ማይክሮፍሉይዲክ የምንለው መሣሪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ስፋቱና ጥልቀቱ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ የሚይዘው 1 ማይክሮ ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ኬሚካሉ ይቆጠባል፤ ተረፈ ምርቱም ያንሳል። በእንዲህ ያለ ቦይ ውስጥ ሁለት ፈሳሾች እንደ ወንዝ አይናወጡም፤ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ፤ የሚቀላቀሉትም አዮኖቹ በራሳቸው እንቅስቃሴ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሰራጩ ነው። ትንሽ አዮን 0.1 ሚሊ ሜትር ለመሻገር 5 ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል፤ 1 ሚሊ ሜትር ለመሻገር ግን ከ8 ደቂቃ በላይ ያስፈልገዋል። ርቀቱ 10 እጥፍ ሲያድግ ጊዜው 100 እጥፍ ያድጋልና የቦዩ ጥበት ራሱ ሥራውን ያፋጥናል።

ለመለካት የምንጠቀመው ከዚርኮኒየም ጋር የተጣመረ ቀይ ቀለም ነው። ፍሎራይድ ሲመጣ ዚርኮኒየሙን ከቀለሙ ይነጥቃል፤ ቅላቱም ይደበዝዛል። በአንድ ወገን ያለች የኤልኢዲ አምፖል ታበራለች፤ በሌላው ወገን ያለው ሴንሰር ያለፈውን ብርሃን ይለካል። ብዙ ብርሃን ካለፈ ፍሎራይዱ በዝቷል ማለት ነው።

ጥበቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቀለም የሚውጠው ብርሃን፣ ብርሃኑ በፈሳሹ ውስጥ በሚጓዘው ርቀት ልክ ነው። በላቦራቶሪ የተለመደው ርቀት 1 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቦዩን በአግድሙ ብናበራ የምናገኘው ምልክት የዚያ አንድ መቶኛ ይሆናል። ስለዚህ ብርሃኑ ቦዩን በቁመቱ እንዲያልፍ አድርገን እንሠራለን።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ስሕተት ነው። አሉሚኒየም ፍሎራይድን አጥብቆ ስለሚይዝ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ይቀራል፤ መሣሪያውም ፍሎራይዱን አሳንሶ ያሳያል። ከማጣሪያው አሉሚኒየም ቢያመልጥ፣ ውሃው ደኅና ሳይሆን «ደኅና ነው» የሚል ቁጥር እናነብባለን። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመሣሪያ ማጣት ይብሳል፤ ጥርጣሬን ያጠፋልና።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው ይህን ነው። ከልኬቱ በፊት ፍሎራይድ የሌለበትን ውሃና በትክክል 1.5 ሚሊ ግራም ያለበትን ውሃ በመሣሪያው አሳልፉ። ከዚያም በሚለካው ውሃ ላይ የታወቀ ፍሎራይድ ጨምሩና የጨመራችሁት ሙሉ በሙሉ መታየቱን አረጋግጡ። ካልታየ ቁጥሩን አትመዝግቡ። ያን ቁጥር አምና ለልጇ ውሃ የምትቀዳ እናት አለችና።