ደራሲን ምን እንጠይቀው?



ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው እንደ ሞቱ ታሪክ ይነግረናል። በመጨረሻይቱ ሌሊት በልባቸው የተመላለሰውን ግን ማን አየ? ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን ሲጽፉ፣ ታሪክ ዝም ባለበት ስፍራ ልብ ወለድ ተናገረ።

ሁለቱም ደራስያን አርፈዋልና ልንጠይቃቸው አንችልም። በሕይወት ያሉት ግን መጽሐፋቸው ሲመረቅ በፊታችን ይቆማሉ። ታዲያ ፊርማ ብቻ ተቀብለን ለምን እንመለሳለን? «ይህን ከታሪክ አገኙት ወይስ ከልብዎ አመነጩት?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ። ልብ ወለዱን እንደ ታሪክ ቈጥሮ ለፈተና የሚጽፍ ተማሪ የአባቶችን ሥራም የደራሲውንም ጥበብ ይበድላል። ለይተን ያወቅን እንደ ሆነ ግን ሁለቱንም በየማዕረጋቸው እናከብራለን።