ስልካችን ላይ የሚመጣው ፊትና

በመስቀል ፍላወር አካባቢ ለጀመዓ ከቀረበ ንግግር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ ወንድሞቻችን ለቀብር በወጡበት ተገደሉ። በዚያ ሳምንት በየስልካችን የገባውን ታስታውሳላችሁ። አንድ ወጣት ከጁምዓ ሰላት በኋላ እያለቀሰ «ይህ የጎንደር ነው» ብሎ ቪዲዮ አሳየኝ። ልብ ብለን ስናዳምጠው የሚነገረው ቋንቋ የአገራችን አልነበረም። ልጁ ግን ለሦስት ግሩፕ ልኮት ነበር። እንባው እውነት ነው፤ ያሰራጨው ግን ውሸት ሆነ። እኛ አንድ ውሸት ስንጨምር፣ በዳይ እውነተኛውን በደላችንንም «ውሸት ነው» የሚልበት በር ይከፈትለታል። ወሬን ማጣራት በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ነገር ነው፤ የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ የጥላቻ ንግግር የቱ ነው? አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር ነው ይለዋል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ ጥቃት ካስከተለ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። «መጅሊሱ አጥፍቷል» ማለት ትችት ነው። «ሙስሊም ሁሉ ከአገር ይውጣ» ማለት ጥላቻ ነው። «ክርስቲያን ሁሉ ጠላታችን ነው» ማለትም ጥላቻ ነው፤ የኛ ሰው ስለጻፈው ሐላል አይሆንም።

ይህን መለየት ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። በ2004 የመብት ጥያቄ ስናነሳ «አክራሪ»፣ «አሸባሪ» ተባልን። በ2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በቴሌቪዥን ታየብን። የተለጠፈ ስም ሰው እንደሚያሳስር አይተናል። ስለዚህ የሚተቸንን ሁሉ «ይታሰርልን» አንልም፤ በሕዝብ ላይ ጥቃት የሚጠራውን ግን በዝምታ አናልፍም።

ምን እናድርግ?

1. አናጋራ። «እዩት ይህን ክፉ» ብለን ብናጋራውም ለባለቤቱ አሰራጨንለት እንጂ አላወገዝነውም።

2. ማስረጃ እንያዝ። ሳይጠፋ ስክሪንሾት እናንሳ፤ የገጹን ስም፣ ቀኑንና ሊንኩን እንመዝግብ።

3. ሪፖርት እናድርግ። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ለማንሳት እንዲጥሩ አዋጁ ያዛል። ጥቃት የሚጠራ ከሆነ ማስረጃውን ይዘን ወደ ፖሊስ እንሂድ።

4. ስድብን በስድብ አንመልስ። ተሳዳቢው የሚጠብቀው የኛን ስድብ ነው፤ ነገ ቆርጦ የሚያሳየው እሱን ነው።

5. ጎረቤታችንን እንጠይቅ። እዚሁ ሰፈራችን አጥር የምንጋራው ክርስቲያን ወንድማችን ስልክ ላይ በተቃራኒው የተሠራ ቪዲዮ ገብቶ ይሆናል። በሩን አንኳኩተን «አንተስ ምን ሰማህ?» ብንለው የሁለታችንም ፍርሃት ይቀንሳል።

አላህ ለሞቱት ይዘንላቸው፤ ምላሳችንንም ጣታችንንም ከበደል ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።