ሰዓቱን የጠየቀው ጋዜጠኛ



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አርጀንቲናዊው ሮዶልፎ ዋልሽ ነው። የወንጀል ታሪክ እየጻፈ፣ መጽሐፍ እየተረጎመ፣ በትርፍ ሰዓቱ ቼዝ እየተጫወተ የሚኖር ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 1956 ምሽት በወታደራዊው መንግሥት ላይ አመፅ ተሞክሮ ከሸፈ። የቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር ፖሊስ ከአንድ ቤት የለቀማቸውን ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ቆሻሻ መጣያ ሜዳ ላይ አውርዶ ተኮሰባቸው። ገሚሶቹ የአመፁ ወሬ እንኳ አልደረሳቸውም! አምስቱ ሞቱ፤ ሰባቱ ተረፉ። ሽፋኑም ወታደራዊ አዋጁ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ ዋልሽ ከ"ተረሸኑት" አንዱ በሕይወት መኖሩን ሰማ። ከዚያማ ማን ይያዘው? ሐሰተኛ መታወቂያና ሽጉጥ ይዞ ከቤቱ ወጣ። ኤንሪኬታ ሙኚስ ከምትባል ጋዜጠኛ ጋር የተረፉትን አንድ በአንድ አሰሰ።

ታዲያ ምን አገኘ? ሰዓት! ሰዎቹ የተያዙት ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። የመንግሥት ሬዲዮ መዝገብ ግን አዋጁ የተነገረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ነው ይላል። ሲያዙ ባልነበረ አዋጅ ተረሸኑ ማለት ነው! መንግሥትን ያጋለጠው የገዛ መዝገቡ ሆነ።

ስመ ጥሮቹ ጋዜጦች እጃቸውን ሰበሰቡ። ደፍረው ያተሙት ትንንሾቹ ናቸው። በ1957 "ኦፔራሲዮን ማሳክሬ" የተሰኘው መጽሐፉ ወጣ። ገዳዮቹስ? አንድም የተቀጣ የለም።

በኋላ ዋልሽ ራሱ ሞንቶኔሮስ የተባለው ታጣቂ ድርጅት አባል ሆነ፤ ይህም አይደበቅም። ወታደሮቹ በ1976 እንደገና ሥልጣን ሲይዙ በኅቡዕ የዜና አገልግሎት አቋቋመ። በዚያው ዓመት ሴት ልጁ ከወታደሮች ጋር በተደረገ ተኩስ ሞተች። ማርች 24 ቀን 1977፣ መፈንቅለ መንግሥቱ አንድ ዓመት በሞላበት ቀን፣ ለጁንታው ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። እንደ ልማዱ በቁጥር ነው የሞገታቸው፦ 15 ሺህ የደረሱበት የጠፋ፣ 10 ሺህ እስረኞች፣ 4 ሺህ ሙታን። ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን ከሥሩ አኖረ። በማግስቱ ቦነስ አይረስ መንገድ ላይ ተኩሰው ጣሉት። አስከሬኑ አልተገኘም። በ2011 ግን ፍርድ ቤት በግድያው ከተከሰሱት መካከል የባሕር ኃይል መኮንኖችን በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ንጋቱስ ማንንም አይጠብቅም። እውነት ግን በር እያንኳኳ፣ መዝገብ እየገለጠ፣ "በስንት ሰዓት?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል።