ስለ ሞተር ዙር ማብሪያና ስለ ሪሌ የተደረገ ንግግር



ለእሽቅድምድም በተሻሻለ መኪና፥ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ከገባ ሞተሩን ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ ዙሩ ለምሳሌ በደቂቃ 3,000 ሲደርስ ብቻ የሚያበራ ማብሪያ እንገጥማለን፤ ምልክቱንም ከቦቢናው ይወስዳል። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ማብሪያ ቫልቩ የሚስበውን ኤሌክትሪክ አይችለውም፤ ሸክሙን ለሪሌ እንሰጣለን።

ከባትሪው በፊውዝ የሚያልፈውን ወፍራም ሽቦ በሪሌው 30 ቁጥር እናስራለን፤ ከ87 ወደ ጋዙ ቫልቭ እንወስዳለን። የቫልቩን ሌላ ሽቦ ከመኪናው ብረት፥ ማለት ከማሳ እናስራለን። 86ን ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ፥ 85ን ከማብሪያው እናገናኛለን። ዙሩ ሲሞላ ማብሪያው 85ን ከማሳ ያገናኛል፤ ሪሌው ይስባል፥ ቫልቩም ይከፈታል።

ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ እናድርግ፤ ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ መኪናውን ከቃጠሎ የሚያድነው እርሱ ነውና።