የኬላዋ ኮምፒዩተር ለምን ትወድቅ ነበር?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የኮምፒዩተር ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



ከእኛ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እኅቶች ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ዕውቀት ክብር በሰፊው ስለ ገለጹ፣ እኛ ወደዚያ አንገባም። እኛ የምንናገረው በቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ ውስጥ፣ ከአሮጌ ካርታዎችና እግራቸው ከተሰበረ ወንበሮች ጋር ስለ ተቀመጠች አንዲት ኮምፒዩተር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ዓመት በእርስዋ ምክንያት ስድስት ሳምንት ያህል ተቸግረናል፤ አንድ ታናሽ ወንድማችንንም በድለናል። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ እንድናወራ ፈቃዳችሁ ይሁን።

አባቶቻችን ኬላ ምን እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። በዓለም ገና በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲመላለሱ የኖሩ ነጋዴዎች በኬላ ላይ ቆመው ጭነታቸውን ማስፈተሽ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋቸውም። ይህችም ኮምፒዩተር ሥራዋ ይኸው ነው። ፈረንጆች ፋየርዎል ይሏታል፤ እኛ ኬላ እንላታለን። ከውጭ በኢንተርኔት የሚመጣው ሁሉ በእርስዋ በኩል ያልፋል፤ የተፈቀደውን ታሳልፋለች፣ ያልተፈቀደውን ትመልሳለች። ለዚህም ሁለት በር አላት፤ አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ መማሪያ ክፍሉ ኮምፒዩተሮች። በሩ የኔትወርክ ካርድ ይባላል። ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ የሚያልፍበት ግን ብዙ ነው። ኢተርኔት የተባለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ጣቢያ በሮበርት ሜትካፍና በዴቪድ ቦግስ የተጀመረ ነው፤ መልእክቱም እንደ ልማዱ ቢበዛ 1500 ባይት በሚይዝ እሽግ እየተከፋፈለ ይሄዳል።

ካርዱ ግን ብቻውን ዕቃ ነው። ኮምፒዩተሯን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም የካርዱን ቋንቋ አያውቅም፤ ካርዱም የእርሱን አያውቅም። በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ይቆማል። ቃሉን መጀመሪያ ስንሰማ አንዳንዶቻችን ሾፌር መስሎን ስቀን ነበር። አሁን ግን አስተርጓሚ ብንለው ይሻላል እንላለን። በቡታጅራ የገበያ ቀን በማረቆኛ ብቻ የሚናገር በርበሬ ሻጭና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ነጋዴ ቢገናኙ፣ በርበሬውም ገንዘቡም እያለ መካከላቸው የቆመው አስተርጓሚ ካልሰማ ሽያጩ አይፈጸምም። አስተርጓሚው ጥቂት ሰው ሲጠይቀው ደኅና እየተናገረ፣ ሰው ሲበዛበት ግራ የሚጋባ ቢሆንስ? የእኛ ችግር ይኸው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከመስቀል ዕረፍት ስንመለስ ነው። ጧት አምስት ስድስት ልጆች ሲቀመጡ ኬላዋ ደኅና ትሠራለች። አንድ ሙሉ ክፍል ገብቶ 35 ልጅ ሲቀመጥ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ኮምፒዩተር ባንድነት ጸጥ ይላል። አጥፍተን ስናበራት ትነሣለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትወድቃለች። እንደምታውቁት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ከእኛ መካከል ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው በጣት የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ የምንለማመድባት ያችው ክፍል ብቻ ነበረች። የክፍሉ ወንበር እያለ፣ ኮምፒዩተሩ እየበራ፣ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያናድድ ለመናገር ያስቸግራል። ወላጆችም ተሰብስበው ከቆጮና ከበርበሬ ሽያጭ ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት መነጋገር ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወሬ ተነሣ። የክፍሉን ቍልፍ የሚይዝና ማታ ማታ አቧራ የሚጠርግ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበረ። ‹ገመዱን የነካካው እርሱ ነው› ተባለ። ወሬውን ማን እንደ ጀመረው አናውቅም፤ ያራባነው ግን እኛ ትልልቆቹ ነን። ቍልፉ ተወሰደበት። ልጁ አልተከራከረም፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እኛም ወደ ፍተሻው ገባን። መጀመሪያ ገመድ ለወጥን፤ ቀጥሎ ገመዶቹ የሚሰበሰቡበትን ስዊች በሌላ ተካን፤ ለውጥ የለም። የውጭው መሥመር ይሆናል ብለን ኬላዋን ትተን የመምህራችንን ላፕቶፕ በቀጥታ ከመሥመሩ ጋር አገናኘነው፤ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እንግዲያው በሽታው በኬላዋ ውስጥ ነው ማለት ነው። በሚቀጥለው ቀን ስትወድቅ ወዲያው አላጠፋናትም። ሁልጊዜ ማጥፋታችን ትልቅ ስሕተት ነበር፤ በሽተኛው ሲያቃስት መመርመር ሲገባን እናስተኛው ነበርና። በራስዋ ኪቦርድ ወደ ውጭ ብንጣራ መልስ መጣ፤ ወደ ውስጥ ብንጣራ ዝም። ስለዚህ የውጭው በር ጤነኛ ነው፤ የታመመው የውስጡ በር ብቻ ነው። ሁለቱ ካርዶች የአንድ ፋብሪካ ሥራ አይደሉም፤ የውስጡ ከኮምፒዩተሯ ዋና ሰሌዳ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ርካሽ ዓይነት ነው።

ከዚያም ኮምፒዩተሯ የምትጽፈውን የዕለት መዝገብ፣ ሎግ የሚባለውን፣ ገለጥን። አንድ ዓረፍተ ነገር እየተደጋገመ ይታያል፤ ትርጓሜውም ‹የጠባቂው ውሻ ጊዜ አለፈ› ማለት ነው። ሳቅን፤ በኋላ ግን መጽሐፍ አገላብጠን ተረዳነው። አስተርጓሚው በኮምፒዩተሯ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ በክብ የተደረደሩ ሳጥኖች ያዘጋጅና ለካርዱ ‹ከዚህ አንሥተህ ላክ› ይለዋል። ካርዱ ሲጨርስ እንደ ደወል ያለ ምልክት ይሰጣል። በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ‹ላክሁ› ካላለ፣ ዋችዶግ የተባለው ሰዓት ቈጣሪ ይጮኻል፤ ካርዱም ተገዶ እንደ ገና ይነሣል። አንዳንድ ጊዜ ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተኝቶ ይቀራል።

እዚህ ላይ እያለን ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ መጣ። በእጁ ባለመስመር ደብተር ይዟል። ከተወነጀለበት ቀን ጀምሮ ኬላዋ የወደቀችበትን ቀን፣ ሰዓትና በክፍሉ የነበረውን ሰው ቍጥር ከጓደኞቹ እየጠየቀ ሲጽፍ ቆይቷል። ንጽሕናውን ለማስረዳት ነበር የጻፈው። ደብተሩን ከሎጉ ጋር ስናስተያየው ግን አልገጠመም። ልጁ 4 ሰዓት ከ10 ያለውን ኮምፒዩተሯ 10 ሰዓት ከ10 ትላለች። አንዳንዶቻችን ‹አየህ፣ ውሸት ነው› ለማለት ቸኰልን። እርሱ ግን ቀስ ብሎ፣ ‹ጋሼ፣ ኮምፒዩተሯ የፈረንጅ ሰዓት ነው የምትቈጥረው› አለ። ስድስት ሰዓት ስንጨምርበት መሥመር በመሥመር ገጠመ። ከ10 ልጅ በታች ሲቀመጥ አንድም ቀን አልወደቀችም፤ ከ20 በላይ ሲሆን ሁልጊዜ ትወድቃለች። ከነዚህም ቀኖች ብዙዎቹ እርሱ ቍልፉን ከተነጠቀ በኋላ ነበሩ።

ካርዱ ሥራ ሲበዛበት የሚወድቅ ከሆነ፣ እስከ መስቀል ድረስ 35 ልጅ እንዴት ተሸከመ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ኮምፒዩተሯ ስትነሣ በስክሪኑ ላይ እየተግተለተለ የሚያልፈውን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበብን። ከመካከሉ ‹ይህ ሞጁል ከዚህ ከርነል ጋር አይስማማም› የሚል መሥመር ተገኘ። ከርነል ማለት የአስተዳዳሪው ፕሮግራም አስኳል ነው። ኬላዋ የምትሠራበት ፕሮግራም ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከወጣው ከቢኤስዲ ወገን ሲሆን፣ ለብዙ ዓይነት ካርድ የሚያገለግል አስተርጓሚ አብሮት ይመጣል። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ይህ አስተርጓሚ ለዚህ ካርድ እንደማይበቃ አውቀው ኖሮ፣ ካርዱን የሠራው ፋብሪካ ራሱ ያዘጋጀውን አስተርጓሚ በሞጁል መልክ ጨምረውበት ነበር። በወረቀት ግን አልጻፉትም። ሞጁል ደግሞ ለተሠራበት አስኳል ብቻ ይገጥማል። አስኳሉ ሲለወጥ ሞጁሉ እንቢ አለ፤ የቀድሞው አስተርጓሚ ሹልክ ብሎ ወንበሩን ያዘ። ሁለቱም ካርዱን በአንድ ስም ስለሚጠሩት፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ አይመስልም።

አስኳሉን ማን ለወጠው? መዝገቡ ቀኑንም የተጠቃሚውንም ስም ይዟል። የመስቀል ዕረፍት ዋዜማ ነው፤ ስሙም የክበባችን ነው። ‹አዲስ ማሻሻያ መጥቷል› የሚል ማስታወቂያ አይተን አዝራሩን የተጫንነው፣ ሳንፈትሽም ወደ ክትፎው የሮጥነው እኛው ነን። ይህን ዛሬ በወላጆች ፊት የምንናገረው ውንጀላውም በሰው ፊት ስለ ነበረ ነው። ወንድማችን በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጧል፤ ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

የጥገናው ነገር ብዙ አላስቸገረም ለማለት አንችልም። መጀመሪያ፣ ካርዱ ስሌቱን ትቶ ለዋናው ኮምፒዩተር እንዲተውለት የሚያደርጉትን ምርጫዎች ሞከርን፤ በእነዚህ ካርዶች ላይ አንዳንዴ ይረዳል ይባላል። ኬላዋ ከሩብ ሰዓት ወደ አርባ ደቂቃ ቆየች እንጂ አልዳነችም። ቀጥለን ሞጁሉን በመምህራችን ስልክ አውርደን በፍላሽ አመጣን፤ ቍጥሩን በሚገባ ስላላየን ለሌላ አስኳል የተሠራ ሆነና ኮምፒዩተሯ አልቀበልም አለች። በሁለተኛው ጊዜ የአስኳሉን ቍጥር በወረቀት ጽፈን፣ ሁለት ሰው አስተያይቶ፣ ትክክለኛውን አመጣን። ከመንካታችን በፊትም የኬላዋን ደንብ ሁሉ በፍላሽ ገልብጠን አስቀመጥን።

በመካከሉ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ከተጣለ ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ካርድ ነቅለን በጊዜያዊነት ሰካን። እዚህም ላይ አንድ ሞኝነት አለ። ካርዱ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣልና ኬላዋ ‹ውስጡ የትኛው ነው? ውጩስ?› ብላ ጠየቀች፤ ገመት አድርገን መለስን፤ አፉን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ወደ ውጭ እንደ ለበሰ ካፖርት አደረግናት። በኋላ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የተጻፈውን ባለ 12 ምልክት አድራሻ አይተን፣ ገመዱንም እየነቀልንና እየሰካን የትኛው መብራት እንደሚነሣ ተመልክተን አስተካከልነው።

ሞጁሉ ገብቶ ኮምፒዩተሯ ስትነሣ፣ የፋብሪካው አስተርጓሚ የራሱን ቍጥር በስክሪኑ ላይ ጻፈ። 35 ልጅ አስቀምጠን ሁሉም ባንድ ጊዜ ትልቅ ፋይል እንዲያወርድ አዘዝን። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ውሻው አልጮኸም። እስከ ዛሬም አልጮኸም። የወላጆች መዋጮም ለሌላ ነገር ተረፈ።

አሁን የልጁ ደብተር በገመድ ታስሮ በኬላዋ ጎን ተንጠልጥሏል። በመጀመሪያው ገጽ የአስኳሉና የሞጁሉ ቍጥር፣ የሁለቱ ካርዶች አድራሻ፣ በቀይ ቀለምም ‹ሞጁሉን ሳታዘጋጁ አታድሱ› የሚል ተጽፏል። የተነቀለው ካርድ በመሳቢያው ውስጥ ነው። ቍልፉ ወደ ወንድማችን ተመልሷል፤ እኛ ስንወጣ ክበቡን ከሚረከቡት አንዱ እርሱ ነው። የጓዳው አምፖል ግን ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ደብተሩን የምናነበው በስልክ መብራት ነው። ክቡር ርእሰ መምህራችን ይህን እንዲያስቡልን እየለመንን፣ ንግግራችንን እዚህ ላይ እናቆማለን።