ዶክተርዬ

የእህቴ ልጅ እዚህ ሜሪላንድ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ቤተሰቡ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ «ዶክተርዬ» ነው የሚላት። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ትምህርት ቤት በር የሚንኳኳው ብዙውን ጊዜ ከአራት ዓመት ኮሌጅ በኋላ መሆኑን ማን ይንገራቸው? ያውም ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጀውን ኤምካት የተባለ የመግቢያ ፈተና ተፈትኖ። ነጥቡ ከ472 ጀምሮ 528 ላይ ያበቃል፤ ለምን ከዜሮ እንደማይጀምር እግዜር ይወቀው።

ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን የማመልከቻዋን ረቂቅ አሳየችኝ። የሠሩትን የሚዘረዝሩበት 15 ቦታ አለው። ላቦራቶሪ፣ በጎ ፈቃድ፣ ማስጠናት... ስድስቱን ሞልታ ቆማለች። «ሌላ ምንም የለኝም፣ ጋሼ» አለችኝ።

የእኔ ዓይን ማቀዝቀዣው በር ላይ ነበር። የአያቷ፣ ማለትም የእናቴ፣ የመድኃኒት ዝርዝር በልጅቷ እጅ ጽሑፍ ተለጥፏል፦ «የስኳር፤ ጠዋት፤ ከቁርስ ጋር»። አራት ዓመት ሙሉ ክሊኒክ ያመላለሰቻት እሷ ናት። እናቴ «ልቤን ያቃጥለኛል» ስትል ቃል በቃል ተርጉማ ሐኪሙን በማስደንገጥ ፈንታ፣ ጨጓራዋን መሆኑን የምታስረዳውም እሷው።

«ይሄም ይጻፋል እንዴ?» አለች።

ይጻፋል እንጂ! ማመልከቻው የሰዓት ብዛትም ስለሚጠይቅ እስክሪብቶ አንስታ መደመር ጀመረች። እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና፣ «ደግሞ ልታስከፍሊኝ ነው?» አለቻት።