ለቡችላ ቦታ ማስለመድ

የዛሬው ርዕሳችን ለቡችላ የሽንት ቦታ ማስለመድ ነው።

እንግዲህ በእኛ በካፋ አካባቢ ዝናቡ ብዙ ወር ይዘልቃል። አነስተኛ ዝርያ የሆነውን ቡችላ ደግሞ ብርድ ቶሎ ይጎዳዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እስኪያገኝም ውጭ ባይለቀቅ ይመረጣል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቦታ ማስለመድ ያስፈልጋል። የሽንት ፓድ ካልተገኘ፣ ፌስታል ላይ አሮጌ ጋዜጣ ማንጠፍ ይበቃል።

ቦታ ማስለመድ ማለት ልክ ሕፃንን ፖፖ እንደማስለመድ ነው። እናት ሰዓቱን ታውቃለች፤ ልጁን ሳያመልጠው ቀድማ ታስቀምጠዋለች። ቡችላም ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ሽንቱ ይመጣበታል። ወለሉን እያሸተተ መዞር ከጀመረ፣ ቶሎ አንስታችሁ ጋዜጣው ላይ አድርጉት። እንደጨረሰ ወዲያው አሞግሱት፤ ቁራሽ ዳቦም ስጡት።

ቢያመልጠውስ? እባካችሁ አትምቱት! ቢመታ የሚማረው ከእናንተ ተደብቆ አልጋ ሥር መሽናትን ነው። ይልቅ ወለሉን በሳሙናና በአቼቶ እጠቡ፤ ሽታው ካልጠፋ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። ታዲያ በዚሁ ምክንያት፣ ጋዜጣውን ስትቀይሩ ከአሮጌው ትንሽ ቁራጭ ከአዲሱ ሥር አኑሩለት።